የፍሪሲዮን ፖምፓ በግቢ ውስጥ
የፍሪሲዮን ፔዳል ተረግጦ ወለል ላይ ሲቀር ጥፋቱ ሁልጊዜ የዲስኩ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ዘይቱን የሚገፉት የላይኛውና የታችኛው ፖምፓ ጎሚኒዎች አልቀው ነው። እንደ ሃይሉክስ ባሉ ብዙ የቆዩ ቶዮታዎች የታችኛው ፖምፓ ከካምቢዮው ውጭ በብሎን ስለሚታሰር፣ ካምቢዮ ሳይወርድ በለቡ ግቢም ሆነ በጀሞ ኮንዶሚኒየም መኪና ማቆሚያ፣ መሬቱ ሜዳ እስከሆነ ድረስ፣ መቀየር ይቻላል፤ ካምቢዮው ውስጥ የተቀበረው ግን የጋራዥ ሥራ ነው። በክሪክ ብቻ ከተንጠለጠለ መኪና ሥር መግባት ድፍረት ሳይሆን ቂልነት ነው። ጎሚኒ ብቻ መለወጥ ርካሽ ይመስላል፤ የፖምፓው ውስጥ ከተቦረቦረ ግን አዲሱም ቶሎ ይበላል፣ ስለዚህ ከሶማሌ ተራ አሮጌ ከማንሳት ሁለቱንም ፖምፓዎች በአዲስ መተካት ያዋጣል። የሚሞላው የፍሬን ዘይት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዶት 3 ወይም ዶት 4፤ የሞተር ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብም ከክረምት የተረፈ ክፍት ጠርሙስ አያገለግልም። ከዚያ አየሩ ይወጣል፦ አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ከታች የአየር ማስወጫዋን ብሎን ከፍቶ ፔዳሉ ሳይለቀቅ ይዘጋል (እዚህ ላይ አንድ የሰፈር ልጅ ከመፍቻ ሁሉ ይበልጣል)፤ ዘይቱ ያለ አረፋ እስኪወርድ ይደጋገማል። የላይኛው የዘይት ዕቃ መሀል ላይ ከደረቀ ሥራው እንደገና ከሀ ይጀምራል።