«እንደገና ሞክር» ከማለታችን በፊት

ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ለመሆን አመልክቶ ያልተቀበሉት ልጅ እዚህ ሰፈር ሲጽፍ ከሥሩ የሚደረደረውን ኮሜንት አይታችሁታል? «ተስፋ አትቁረጥ»፣ «የተሻለ ነገር ተዘጋጅቶልህ ነው»፣ «እንደገና ሞክር ጀግናው»። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንድም ሰው «የቱ ላይ ነው የጣሉህ?» ብሎ አይጠይቅም። እኔ ደግሞ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው እላለሁ። በዚህ ሙያ ከበር የሚመልስህ ምክንያት ብዙ ዓይነት ነው። አንዳንዱ በጥቂት ወራት ልምምድ ይስተካከላል፤ አንዳንዱ ዕድሜ ልክህን ብትሞክር አይስተካከልም። ሁለቱንም በ«እንደገና ሞክር» መሸኘት የልጁን ዓመታት መብላት ነው።

ኢንቦክስ የሚጽፉልኝ አብዛኞቹ በዲቪ አሜሪካ የገቡ ተማሪዎቼ ስለሆኑ ከዚያው ልጀምር። እዚያ ቀጣሪው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) ነው። ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ዜጋ መሆንና የማመልከቻው ጊዜ ሲዘጋ ከ31 ዓመት በታች መሆን። የዕድሜው ነገር ቀልድ አይደለም፣ ተቆጣጣሪ 56 ሲሞላው በግዴታ ስለሚወጣ ከዚያ ወደ ኋላ ተቆጥሮ የመጣ ነው። አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ (ቲቸር መሆኔን አልረሳሁም)። ግሪን ካርድ ይዞ በመደበኛው መንገድ ዜጋ ለመሆን 5 ዓመት ያስፈልጋል። በ24 ዓመቱ የገባ ልጅ 29 ላይ ዜጋ ይሆናል፤ የቀረው ሁለት ዓመት የማይሞላ ጊዜ ነው። ማስታወቂያው ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፣ ሲወጣም ለአጭር ጊዜ ነው። በ26 ዓመቱ የገባው ከሆነ ግን በዚህ መንገድ በሩ ከመድረሱ በፊት ተዘግቷል። ለዚህ ልጅ «በርታ» ማለት ምን ማለት ነው? ቢያንስ የዚያን ቀን እውነቱን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ለየት ያለ መንገድ አለ፤ 52 ተከታታይ ሳምንት በሙያው የሠራ ሰው፣ ለምሳሌ በወታደር ቤት ተቆጣጣሪ የነበረ፣ እስከ 35 ዓመት ድረስ ይታይለታል። ሰፊ በር ግን አይደለም።

ፈተናው ላይ የወደቀ ሌላ ጉዳይ ነው። ቁጥር በቃል መያዝ አለ፣ ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀሱ ነገሮች እንዳይጋጩ እየጠበቅህ በዚያው ቅጽበት ሒሳብ መመለስ አለ። ይሄ እንደ ማትሪክ በሽምደዳ አይሆንም፣ ግን ልምምድ ያሻሽለዋል። ዕድሜህ ከፈቀደ፣ እዚህ ላይ «እንደገና ሞክር» ትክክለኛ ምክር ነው።

ስለ አንተ ምንም የማይናገር ውድቀትም አለ። በ2014 ኤፍኤኤ የቅጥር አሠራሩን ቀይሮ አመልካቾችን የግል ታሪክ መጠይቅ ማስሞላት ጀመረ። በሙያው ኮሌጅ የተማሩ ብዙ ልጆች ዋናው የብቃት ፈተና ጋ ሳይደርሱ እዚያው ቀሩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣህበት ትምህርት የቱ ነው የሚል ነበር፤ ብዙ ነጥብ የሚያሰጠው መልስ ደግሞ «ሳይንስ»! ፊዚክስ ሳስተምር ለኖርኩ ሰው ይሄን መስማት ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ኮንግረስም ገባበት፣ በ2018 መጠይቁ ቀረ። እስከዚያ ግን የስንቱ ልጅ 31 ዓመት አለፈ?

አነቃቂ ቪዲዮ የሚወዱ ሰዎች የ1981ን ታሪክ ያነሱልኛል። ፕሬዝዳንት ሬገን አድማ የመቱ ከ11 ሺህ በላይ ተቆጣጣሪዎችን አባረሩ፣ ዳግም እንዳይቀጠሩም ታገዱ፣ ክሊንተን በ1993 እገዳውን አነሱ። «አየህ፣ ከ12 ዓመት በኋላ እንኳን ተመለሱ!» ይባላል። አዎ፣ የተመለሱ አሉ። ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ጥቂቱ ናቸው፤ የቀረው በእነዚያ 12 ዓመታት ሌላ ኑሮ ሠርቷል። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው የእነዚያን ብዙዎቹን ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ፣ እዚህ ተቆጣጣሪ የሚቀጥረው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው፤ አየር መንገዱ አይደለም። ብዙ ልጅ ይሄን ያምታታል። ፈቃዱ የሚከተለው የዓለም አቀፉን የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (አይካኦ) ደረጃ ነው፤ ቢያንስ 21 ዓመት፣ የሦስተኛ ክፍል የሕክምና ማረጋገጫ፣ እንግሊዝኛ ቢያንስ ደረጃ 4። «መነጽር ስለማደርግ አይቀበሉኝም» እያላችሁ ሳታመለክቱ የቀራችሁ አላችሁ። መነጽር ብቻውን አይጥልም፣ በመነጽር የሚስተካከል ዕይታ ይፈቀዳል። ሕክምና ላይ የወደቀ ሰው ምክንያቱን በግልጽ ይጠይቅ፣ በጽሑፍ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። የሚታከም ነገር ሊሆን ይችላል።

እንግሊዝኛው በስድስት መስፈርት ይመዘናል፤ አነጋገር፣ ሰዋስው፣ የቃላት ብዛት፣ ቅልጥፍና፣ ሰምቶ መረዳት፣ መግባባት። የመጨረሻው ደረጃህ ከስድስቱ ዝቅተኛው ነው እንጂ አማካዩ አይደለም። ስለዚህ አምስቱ ላይ ጎበዝ ሆነህ ስድስተኛው ይጥልሃል። «እንግሊዝኛ አልችልም ማለት ነው» ብለህ ከመጀመሪያው አትጀምር፣ የጣለህን አንዱን ፈልግ። ይሄን ያህል ጥብቅ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1977 ቴኔሪፍ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 ተጋጭተው 583 ሰው ሲያልቅ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ በሬዲዮ የተባለውን አብራሪውና ተቆጣጣሪው ለየብቻ መረዳታቸው ነበር። በሩ ላይ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል፣ እኔም ተሳፋሪ ነኝ።

በሩ በዕድሜ ለተዘጋበት ልጅ አንድ ነገር ልበል። የበረራ ዲስፓቸር የሚባል ሙያ አለ። በረራውን የሚያቅድ፣ ነዳጁንና የአየር ጠባዩን የሚያሰላ፣ ለበረራው ከካፒቴኑ ጋር እኩል ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ ፈቃዱን ለማግኘት 23 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ የላይኛ ዕድሜ ገደብ የለውም፣ ዜግነትም አይጠይቅም። በ33 ዓመቱ፣ በግሪን ካርድ፣ ይቻላል። ይሄን ስነግራቸው «የማጽናኛ ሽልማት ነው» የሚሉኝ አሉ። ካፒቴኑ ያለ ዲስፓቸሩ ስምምነት እንደማይነሳ ሲሰሙ ግን ዝም ይላሉ።

እና እባካችሁ፣ ኢንቦክስ ስትጽፉልኝ «ቲቸር፣ አልተሳካልኝም፣ ምን ላድርግ?» ብላችሁ አታቁሙ። ዕድሜያችሁን፣ ያላችሁበትን አገር፣ ዜግነት መቼ እንደምታገኙና የቱ ደረጃ ላይ እንደቀራችሁ ጻፉልኝ። ታወር ውስጥም ሆነ ዲስፓች ላይ የምትሠሩ የድሮ ልጆቼ ደግሞ ኮሜንት ላይ ብቅ በሉ፣ ከእኔ ይልቅ እናንተን ቢጠይቁ ይሻላል።