የቀን መዋያ ማእከላት ሲታጠፉ፦ የእንግሊዝ የአካባቢ ምክር ቤቶች ውሳኔና የምእመናን ድርሻ

በእንግሊዝ አገር የአካባቢ ምክር ቤቶች፣ ወገኖቻችን «ካውንስል» እያሉ የሚጠሯቸው፣ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ጎልማሶች የሚሰጡትን የቀን አገልግሎት «እንደገና እያደራጁ» ይገኛሉ፡፡ ቃሉ ለስላሳ ነው፡፡ በተግባር ግን ብዙውን ጊዜ የማእከላቱ ቁጥር ይቀንሳል፤ ጠዋት ጠዋት ከየቤቱ ሰው የሚሰበስበው ሚኒባስ ይቀራል፤ በሳምንት አምስት ቀን ይውል የነበረ ሰው ሁለት ቀን ብቻ ይፈቀድለታል፡፡ በዚያች አገር የሚኖሩ ኦርቶዶክሳውያን ምእመናን፣ በተለይም በዕድሜ የገፉ ወላጆች ወይም ድጋፍ የሚሻ ልጅ ያሏቸው፣ ጉዳዩን የባለሥልጣናት የሒሳብ ሥራ ብቻ አድርገው ሊመለከቱት አይገባም፡፡

የቀን አገልግሎትን እንደገና ማደራጀት ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተመዘገበው፣ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት አማንያን መበለቶቻቸው በየዕለቱ በሚታደለው ማዕድ እንደ ተዘነጉባቸው አጉረመረሙ፡፡ ሐዋርያት ማጉረምረሙን እንደ ዐመፅ አልቈጠሩትም፤ «ማዕዱ አስቸገረን» ብለውም አላስቀሩትም፡፡ ጉባኤውን ጠሩ፤ ሰባት ሰዎችንም ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ አደረጉ፡፡ ከቅዱስ እስጢፋኖስ ጀምሮ የሰባቱም ስሞች የግሪክ ስሞች መሆናቸውን ያስተዋሉ መተርጕማን፣ የተዘነጋው ወገን ራሱ በእደላው ላይ እንደ ተሾመ ይናገራሉ፡፡ እንግዲህ አሠራርን መለወጥ በራሱ ክፉ አይደለም፡፡ ጥያቄው ለውጡ የተጀመረው ከማን ቅሬታ ነው? በአዲሱ አሠራርስ ላይ ድምፅ ያለው ማን ነው? የሚለው ነው፡፡

ዛሬ የሚታየው ለውጥ ሁለት ምንጭ አለው፤ ሁለቱም ተቀላቅለው ስለሚፈሱ ለመለየት ያስቸግራሉ፡፡ አንደኛው በጎ ነው፡፡ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በትልልቅ ሆስፒታሎች ተዘግተው ዕድሜያቸውን ይፈጁ በነበረበት ዘመን፣ የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው የፖሊሲ ሰነድ በየሰፈራቸው እንዲኖሩና ቀን ቀን የሚውሉባቸው የሥልጠና ማእከላት እንዲስፋፉ ወሰነ፡፡ ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሌላ ሰነድ ደግሞ እነዚያኑ ማእከላት ነቀፈ፡፡ ሰዎችን በጅምላ ሰብስበው አንድ ዓይነት ሥራ እየደጋገሙ እንዲውሉ ያደርጋሉ፣ ከኅብረተሰቡም ይለያሉ በማለት እያንዳንዱ እንደ ፍላጎቱ እንዲማር፣ እንዲሠራና ከጎረቤቱ ጋር እንዲውል አሳሰበ፡፡ ነቀፋው እውነት ነበረበት፤ ሰውን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ማወቅን የሚጠይቅ ሐሳብም ስለ ሆነ ክርስቲያን የሚቃወመው አይደለም፡፡

ሁለተኛው ምንጭ ገንዘብ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ ማእከላዊው መንግሥት ለአካባቢ ምክር ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ በእጅጉ ተቀነሰ፡፡ በመጋቢት 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የተዘጉት ማእከላት አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ፡፡ ኖርዝሃምፕተንሻየር በ2018፣ ክሮይደን በ2020፣ በርሚንግሃም ደግሞ በመስከረም 2023 ወጪያቸው ከገቢያቸው ጋር ሊጣጣም እንዳልቻለ የሚያውጀውን፣ በ1988ቱ የፋይናንስ ሕግ አንቀጽ 114 የተደነገገውን ማስታወቂያ አወጡ፡፡ ይህ ማስታወቂያ ሲወጣ በሕግ ግዴታ ከሆኑት አገልግሎቶች በቀር አዲስ ወጪ ይታገዳል፡፡ የምክር ቤት በጀት በጉድለት እንዲጸድቅ ሕጉ ስለማይፈቅድ፣ ማስታወቂያውን ያላወጡትም ቢሆኑ ዓይናቸው የሚያርፈው ሕንፃ፣ ሾፌርና ሠራተኛ በሚበዛበት ቦታ ላይ ነው፡፡ የቀን መዋያ ማእከል ሦስቱም አሉት፡፡

ችግሩ ሁለቱ ምንጮች የሚናገሩት በአንድ ቋንቋ መሆኑ ነው፡፡ «ምርጫ»፣ «ነፃነት»፣ «በማኅበረሰቡ መካከል መኖር» የሚሉትን ቃላት ለተጨነቀው ሰው ያሰበውም ለሒሳቡ ያሰበውም እኩል ይጽፏቸዋል፡፡ በእኛ አስተያየት መለያው ቅደም ተከተሉ ነው፡፡ አዲሱ መዋያ አሮጌው ሳይዘጋ ተዘጋጅቶ ከታየ፣ የእያንዳንዱም ሰው ሁኔታ አስቀድሞ ከተጠና፣ ለውጡ ለሰው የታሰበ ነው ለማለት ይቻላል፡፡ የሚቆጠበው ገንዘብ በበጀቱ ሰነድ ላይ ከሰፈረ በኋላ «አሁን የእናትዎን ሁኔታ እንመዝናለን» ከተባለ ግን ምዘናው ለተቆረጠ ልብስ ሰውን እንደ መለካት ይሆናል፡፡

ሕጉ ምን ይላል? በእንግሊዝ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የ2014 የእንክብካቤ ሕግ ምክር ቤቶችን የሚያስገድደው መስፈርቱን የሚያሟላ የድጋፍ ፍላጎት ያለውን ሰው ፍላጎት እንዲያሟሉ እንጂ አንድን ሕንፃ ክፍት እንዲያቆዩ አይደለም፡፡ (ስኮትላንድና ዌልስ የራሳቸው ሕግ አላቸው፡፡) ይህ በሁለት በኩል የተሳለ ነው፡፡ ቤተሰብ «ማእከሉ እንዳይዘጋ ሕግ አለ» ብሎ ቢከራከር አይረታም፡፡ ምክር ቤቱም «ማእከሉ ስለ ተዘጋ አገልግሎቱ አብቅቷል» ሊል አይችልም፡፡ በእንክብካቤ ዕቅዱ ላይ የተጻፈው ፍላጎት አሁንም አለና፣ ዕቅዱ ሰውዬውና ተንከባካቢው ባሉበት ተከልሶ ሌላ መንገድ ሊዘጋጅለት ይገባል፡፡ ለዚህም የሚመደበው የግል በጀት ፍላጎቱን ለማሟላት የሚበቃ መሆን አለበት፡፡ ቤት ውስጥ የሚያስታምመው የቤተሰብ አባል ደግሞ ለራሱ የተለየ ምዘና የማግኘት መብት አለው፡፡ ይህን ብዙዎች አያውቁትም፡፡ አስታማሚዋ ልጅ ሥራ የምትሄደው፣ የምትተኛውና ቅዳሴ የምታስቀድሰው ወላጇ የሚውልበት ቦታ ሲኖር ነው፤ ሕጉም ድካሟን ከቁጥር ያስገባዋል፡፡ በምዘናው ሐሳቡን ለመግለጽ እጅግ ለሚቸገርና ሊረዳው የሚችል ተገቢ ሰው ለሌለው ምክር ቤቱ ነፃ ጠበቃ፣ ማለትም ስለ እርሱ ቆሞ የሚናገር ሰው፣ ሊያቆምለት ይገባል፡፡

ስለ ሕዝብ ምክክርም እንዲሁ፡፡ በ1985 በብሬንት ምክር ቤት ላይ በታየ ክርክር የተነገሩትና በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሃሪንጌይ ጉዳይ ያጸናቸው መመዘኛዎች ግልጽ ናቸው፦ ምክክር የሚደረገው ውሳኔው ገና ሳይጨርስ ነው፤ ለማሰብ የሚያስችል በቂ ምክንያትና በቂ ጊዜ ይሰጣል፤ የተሰጠውም መልስ በቅን ልቡና ይመዘናል፡፡ በሃሪንጌይ ምክር ቤቱ የተረታው ስለ ሌሎች አማራጮች ለሕዝቡ ሳይገልጽ በመቅረቱ ነበር፡፡

በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት የምናስበው መጻጉዕ 38 ዓመት የታመመና በመጠመቂያዪቱ አጠገብ የተኛ ሰው ነበር፡፡ ጌታችን ልትድን ትወዳለህን ብሎ በጠየቀው ጊዜ ያሰማው አቤቱታ ስለ ሕመሙ ጽናት አልነበረም፤ ሰው እንደሌለው ነበር የተናገረው፡፡ የቀን መዋያ ማእከል ዋና ሀብትም ሰው ነው፤ በሰነድ ላይ ለመቁጠር የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፡፡ የግል በጀት ለጥቂት ሰዓት ረዳት ይቀጥራል፡፡ 20 ዓመት በአንድ ጠረጴዛ አብረው ቡና የጠጡትን ሁለት ሰዎች ግን ለየብቻ መዝኖ፣ አንዱን ወደ ምሥራቅ ሌላውን ወደ ምዕራብ የላከ እንደ ሆነ ያን ወዳጅነት የሚተካ ሰዓት የለም፡፡ ስለዚህ በምዘናው ላይ የሚቀርብ ቤተሰብ ስለ መታጠብና ስለ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ሰውዬው ከእነማን ጋር መዋል እንደሚወድ በስም እየጠቀሰ ያስጽፍ፡፡

የእኛ ወገኖች ደግሞ የራሳቸው ሁኔታ አላቸው፡፡ ከ1974ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ አብዮት በኋላ በስደት የሄዱት ወጣቶች ዛሬ አረጋውያን ሆነዋል፡፡ የመርሳት ሕመም የያዘው ሰው በኋላ የተማረውን ቋንቋ አስቀድሞ ሊያጣ እንደሚችል በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲሠሩ የኖሩ አባት በአማርኛ ብቻ መናገር ሲጀምሩ ጎረቤቱ ማእከል ለእርሳቸው ዝምታ ብቻ ይሆናል፡፡ ረቡዕና ዓርብ ወተትና ቅቤ ያለበት ምሳ የሚቀርብላቸው እናት «ምግብ እንቢ አሉ» ተብሎ ይመዘገብባቸዋል፡፡ ሕጉ የሰውን ምኞትና እምነት ከግምት ማስገባትን ያዛል፤ ነገር ግን ያልተነገረውን እምነት የሚያውቅ ማኅበራዊ ሠራተኛ የለም፡፡ የጾም ሥርዓቱና የቋንቋው ጉዳይ በዕቅዱ ላይ ይጻፍ፡፡

ከዚህ የሚከብድ ሌላም አለ፡፡ በይሉኝታ ምክንያት ጉዳት ያለበትን ልጅ ወይም አእምሮው የደከመ ወላጅ ከሰው ዓይን የሚሰውሩ ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ፡፡ ሐኪም ያውቃቸው ይሆናል፤ ምክር ቤቱ ግን አያውቃቸውም፡፡ አገልግሎት እንደገና በሚደራጅበት ጊዜ ያልተመዘገበ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል፤ ለሚመጡት ዓመታት የሚዘጋጀው ቦታም ያለ እርሱ ይሰላል፡፡ የንስሐ አባቶች ወደ እነዚህ ቤቶች የመግባት ዕድል አላቸው፤ የንስሐ ልጆቻቸውን በፈቃዳቸው ወደ ምዘና እንዲሄዱ ቢመክሩ ታላቅ ሥራ ይሠራሉ፡፡ በመኖሪያ ፈቃዳቸው ምክንያት የሚሠጉ ከሆነ አስቀድመው የሕግ ባለሙያ ያማክሩ፡፡

አንዳንድ ምክር ቤቶች የተዘጋው ማእከል ሥራ በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና በአብያተ እምነት እንዲሸፈን ተስፋ ያደርጋሉ፡፡ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት አዳራሽ አላቸው፤ በሳምንት አንድ ቀን አረጋውያንን ሰብስበው ማዕድ ቢያቀርቡ፣ በቋንቋቸው ቢያጫውቷቸው፣ ጸሎት ቢያደርሱላቸው የተገባ ነው፡፡ ሆኖም በጀት ሳይመደብ በምክር ቤቱ ዕቅድ ላይ የማእከሉ ምትክ ተደርጎ መጻፍን ልንቀበል አይገባም፡፡ ሰውን ማንሣትና መጸዳጃ ቤት ማድረስ ሥልጠና ይፈልጋል፤ አገልጋዮቹም የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ ሊደረግላቸው ይገባል፡፡ ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ ለድሆችና ለሕሙማን ያን ታላቅ መጠለያ ሲሠራ፣ ስለ ችግረኞች ለሹማምንት ደብዳቤ መጻፉን አላቋረጠም፡፡

የምክክር ጊዜ በተከፈተበት አካባቢ ያለ አጥቢያ፣ እዚያው ተወልደው እንግሊዝኛ የሚያውቁ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን መድቦ አረጋውያኑ በአማርኛ የተናገሩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተርጕመው ቢያስገቡ መልካም ነው፡፡ መልሱ በሰበካ ጉባኤው ስም ብቻ ከሚሄድ በየሰዉ ስም ለየብቻ ቢሄድ ይሻላል፤ የገባበት ቀንና ቅጂውም በቤተሰቡ እጅ ይቀመጥ፡፡