«ሰበብ ነው» ለምትሉኝ

ይድረስ ለሽንዲ፣ ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም የኳስ ወዳጆች፤ በተለይም ቅዳሜ 11 ሰዓት ሲቃረብ ጭቃውን እየረገጣችሁ ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ለምትገሰግሱት። የየትኛው ቡድን ደጋፊ እንደሆንኩ ሳልነግራችሁ ትደርሱበታላችሁ።

የእንግሊዝ ሊግ የሚከፈተው እኛ ፍልሰታን ስንጾም ነው። ጾም ለብሽሽቅ አይመችም ብሎ የሚያስብ ሰው የእኛን አገር ደጋፊ አያውቀውም። ዝናቡ ሲበረታ ዲሹ አልይዝ ይላል፣ ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ሲመለስ ጎሉ ገብቶ ተጫዋቾቹ ወደ መሃል እየተመለሱ ነው። ካየነው ጎል ይልቅ ባላየነው የባሰ እንጨቃጨቃለን። የተሸነፈ ሥጋ ይጋብዛል ተብሎ ቢማማሉ እንኳ እዳው እስከ ነሐሴ 16 ያድራል፤ እስከዚያ ሌላ ጨዋታ መጥቶ ባለ ዕዳው ባለ ገንዘብ ይሆናል።

ታዲያ ከተሸነፈው ወገን አንዱ ተነሥቶ «እገሌ ተጎድቶብን እኮ ነው» ሲል ቤቱ በአንድ አፍ «ሰበብ!» ይለዋል። ሙግቴ እዚህ ላይ ነው። እናንተ በውጤቱ ትስቃላችሁ፣ ጉዳቱን ትንቃላችሁ። እኔ ደግሞ በነሐሴ ከሁለቱ የሚዋሸው ውጤቱ ነው እላለሁ።

ነሐሴ 7ን እዩአት። በ2013 በጽንሰታ ለማርያም ዕለት አዲስ ያደገው ብሬንትፎርድ አርሰናልን 2 ለ 0 ረታ። አርሰናል ከዚያ በቼልሲ 2 ለ 0፣ በማንችስተር ሲቲ 5 ለ 0 ተሸነፈ፤ በሦስት ጨዋታ 9 ጎል ተቆጥሮበት፣ አንድም ሳያገባ ግርጌ ላይ ተቀመጠ። ብሽሽቁን ታስታውሱታላችሁ፤ ያ ቡድን አምስተኛ ሆኖ እንደጨረሰ ግን ያስታወሰ አላገኘሁም። ዓመት ዞሮ ነሐሴ 7፣ 2014 ያው ብሬንትፎርድ በ35 ደቂቃ ውስጥ አራት ጎል ማንችስተር ዩናይትድ ላይ አስቆጠረ፤ 4 ለ 0። ዩናይትድም ሦስተኛ ወጣ፣ ሊግ ካፑንም ወሰደ። ነሐሴ 22፣ 2003 ኦልድ ትራፎርድ ላይ 8 ለ 2 የተሸነፈው አርሰናልስ? እሱም ሦስተኛ። (ቁጥሩን እናንተ ሳትጠሩት ራሴ ልጥራው ብዬ ነው።)

አሁን ወደ ጉዳቱ። መስከረም 12፣ 2017 ሲቲና አርሰናል 2 ለ 2 ሲለያዩ የተጨቃጨቅነው በትሮሳር ቀይ ካርድና ስቶንስ በጭማሪው ሰዓት ባገባት ጎል ነበር። የሲቲው ሮድሪ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጉልበቱን ይዞ መውጣቱን ከቁም ነገር የቆጠረው ጥቂት ሰው ነው። ጅማቱ ተበጥሶ ኖሯል። በወሩ ባሎን ዶርን በክራንች ተደግፎ ተቀበለ፤ አራት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን የነበረው ሲቲ ግን ሦስተኛ ሆነ። ከዚያ በፊት ጥቅምት 7፣ 2013 ቫን ዳይክ ከኤቨርተኑ በረኛ ከፒክፎርድ ጋር ተጋጭቶ ጉልበቱ ሄደ፤ የዋንጫው ባለቤት ሊቨርፑልም ሦስተኛ። (ይህ ደብዳቤ ከሦስተኛነት ጋር ምን እንዳጣላው እንጃ።)

ሁልጊዜ እንዲህ ነው አልልም። የአርሰናሉ ቲምበር ነሐሴ 6፣ 2015 በመጀመሪያው የሊግ ጨዋታው ተጎድቶ ወራት ሙሉ ጠፋ። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር የጉዳቱን ልክ ብዙዎቻችን ዘግይተን ነው የሰማነው። አርሰናል ግን ያለ እሱ 89 ነጥብ ሰብስቦ ከሲቲ በ2 ነጥብ ብቻ አንሶ ጨረሰ።

ደግሞ እግር ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ተማሪው ለክረምት ሲመለስ ሰፈር ከሰፈር ይጋጠማል፤ ሜዳው ያንሸራትታል፣ ቃሬዛ የለም፣ የወደቀውን አንስቶ ወደ ወጌሻ ነው። በቆሎው አረም፣ በርበሬው ኩትኳቶ በሚፈልግበት ሰሞን እግሩ የታሰረ ልጅ ያለበትን ቤት ታውቁታላችሁ። ጎረቤት ደቦ ይወጣለታል እንጂ «ሰበብ ነው» የሚለው የለም።

ብሔራዊ ቡድናችንስ? በጥር 2005፣ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ስንገባ፣ አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ አግብቶ 1 ለ 1 ወጣን። በአራተኛው ቀን ከቡርኪና ፋሶ ጋር ስንጫወት እሱ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ተጎድቶ ወጣ፤ 4 ለ 0 ተሸነፍን። «አዳነ ባይጎዳ ኖሮ» ያለውን ሁሉ ያን ምሽት ማን ሰበበኛ አለው?

ከ«ሰበብ» የባሰም አለ። የተጋጣሚ አጥቂ ሣር ላይ ሲንከባለል የሚያጨበጭብ። አብዛኛውን ጊዜ ኪሱን ብትፈትሹት የውርርድ ወረቀት ታገኛላችሁ። የብሽሽቅ ዕዳ ሥጋና ጠላ ሲሆን ያስቃል፤ የቀን ሥራ ገንዘብ ሲሆን ጎረቤት ያጣላል። ለነገሩ የቅኔ አገር ሰው፣ በተበጠሰ ጅማት ከመሳቅ የተሻለ ማብሸቂያ አያጣም።

ነሐሴ 17፣ 2017፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ ምሽት 1:30 ላይ አርሰናል ከሊድስ ተጫወተ። ኦዴጋርድ ትከሻውን፣ ሳካ የታፋውን ጡንቻ ይዘው ወጡ። 5 ለ 0 አሸንፈን ፊታችን ጠቁሮ ስንወጣ የዩናይትድ (የማንቼ) ደጋፊዎች ግራ ተጋቡ። በሳምንቱ አንፊልድ ላይ ሳካ ሳይኖር 1 ለ 0 ተሸነፍን፤ አፌን ገና ከመክፈቴ የምትሉትን አላችሁ።

የምለምናችሁ ይህን ነው፦ ጉዳት የሚጠራውን ሰው እስኪጨርስ ስሙት፣ ከዚያ እንደልባችሁ አብሽቁት። ለማንቼ ደጋፊዎችም እኔ እንደዚሁ አደርጋለሁ፤ ከአንድ ቀን በቀር። ነሐሴ 21፣ 2017፣ ሊግ ካፕ፣ ግሪምስቢ። አራተኛው እርከን ላይ የሚጫወት ክለብ፣ በመለያ ምት 12 ለ 11። ያን ምሽት ማን እንደተጎዳባችሁ አልሰማም።