በሬው ምን በላ?

ለፋሲካ ሰንጋ የሚገዛ ሰው ሻኛውን ይዳብሳል፣ ጎኑን ይጫናል፣ ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ይገምታል። ምን ሲበላ እንደከረመ የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። ሥጋ ቤት ሲገባም ጥያቄው «ጮማ አለው?» ነው። ሐኪሙ ደግሞ «ጮማ ተው» ይላል። ሁለቱም ጮማ ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል።

አንድ አይደለም። ሣር ላይ የከረመ በሬ ስቡ ወደ ቢጫ የሚያደላው ከሣሩ ባገኘው ካሮቲን ነው። ከእህል ከደለበው ይልቅ የኦሜጋ 3 ድርሻውም ከፍ ይላል። ልዩነቱ የማይሰፋው በበሬው ጨጓራ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ከመኖው የመጣውን የማይረጋ ቅባት አብዛኛውን ወደሚረጋ ስለሚለውጡት ነው። ታኒን የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ሻይ ሲወፍር አፍ የሚያኮማትረው፣ በግራር ቅጠልና ፍሬ ውስጥም ያለው። በልክ ሲሆን የተሕዋስያኑን ሥራ ሊያዘገይና ጥሩው ቅባት እስከ ሥጋው እንዲደርስ ሊረዳ ይችላል። የሙከራዎቹ ውጤት እንደ ተክሉና እንደ መጠኑ ይለያያል። ሲበዛ ደግሞ እንስሳው መኖው አይፈጭለትም፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ግራር መመልመል የሚጀምር አደላቢ ይታገሥ።

ተልባ ግን ቅርብ ነው። የተልባ ዘይት ግማሽ ያህሉ ኦሜጋ 3 ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ከብትና ዶሮ ተልባ አብልቶ ሥጋውንና እንቁላሉን በራሱ ምልክት የሚሸጥ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 ተቋቁሟል። አርሲና ባሌ ተልባ ያመርታሉ፤ በመኖ ገበያው ግን የኑግም የተልባም ተረፈ ምርት «ፋጉሎ» ተብሎ ያልፋል። የኑግ ዘይት በአብዛኛው ኦሜጋ 6 ነው። ሁለቱን አንድ ስም አይሸፍናቸውም።

አደላቢው ይህን ቢያውቅ ምን ያገኛል? ምንም። የሚከፈለው በሦስት ወር ለተጨመረው ኪሎ ነው። «ሥጋ በዓመት አንዴ ለሚቀምስ ሕዝብ ይሄ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ለዚያ ሕዝብ ልክ ናቸው። በየሳምንቱ ቁርጥ የሚያስቆርጠው ግን ለኪሎው የሚጠየቀውን ሳይከራከር የሚከፍል ነው፤ ከዋጋው ሥር «የተልባ ፋጉሎ የበላ» የምትል አንድ መስመር ማንበብ አያቅተውም። ሥጋ ዓሣን አይተካም፤ ማንም እንደዚያ ብሎ አይሽጥለት። የበላውን ብቻ ይንገረው፤ ለአደላቢውም ልዩነቱን ይክፈለው።