ስም የለሽ ችግኝ አንትከል፦ ስለ ጓሮ ፒርና ፖም አመራረጥ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ በአንድ ጠዋት ሁለት የአየር ጠባይ ያያል። ከግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ የሙዝ ተክል ይሸኘዋል፤ ዳገቱን ጨርሶ 2,700 ሜትር ገደማ ሲደርስ ግን ጋቢ የሚያስደርብ ብርድና በየጓሮው የቆመ የፖም ዛፍ ይቀበሉታል። ፖም በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ በሚስዮናውያን አማካይነት ወደ ጨንቻ ከገባ ወዲህ ለብዙ ቤተሰቦች የገቢ ምንጭ ሆኗል። ይህ መልካም ወሬ በሌላውም ደጋ ተሰማ፤ የፖምና የዘመዱ የፒር ችግኝም ፈላጊው በዛ። ገዢው ዋጋ ይጠይቃል፤ ይከራከራል፤ ይዞ ይሄዳል። የዝርያውን ስም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ቢጠይቅም “የውጭ ነው፤ ቶሎ ያፈራል” ከሚል መልስ የተሻለ አያገኝም።

የዚህ ጸሐፊ አቋም፣ ዝርያው የማይታወቅ የፒር ወይም የፖም ችግኝ መሸጥም፣ መግዛትም፣ በነጻ ማደልም መቅረት አለበት የሚል ነው። ስሙ ካልታወቀ ለሦስት ጥያቄዎች መልስ አይገኝም፤ መልሱ ካልተገኘ ደግሞ ተካዩ አራትና አምስት ዓመት ውኃ ሲያጠጣ ኖሮ ፍሬ የማይሰጥ ዛፍ ታቅፎ ሊቀር ይችላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ “ዛፉ ምን ያህል ብርድ ይፈልጋል?” የሚል ነው። ፒርና ፖም እንደ ኮሶና እንደ ቀጋ ከጽጌረዳ ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው። ይሁንና ጠባያቸው የተቀረጸው የበረዶ ወቅት ባለበት አገር ነው። በዚያ ወቅት ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ እምቡጡ የሚነቃውም በቂ ብርድ ካሳለፈ በኋላ ነው። ይህም በበረዶው ወራት መካከል ብቅ በሚል የጥቂት ቀናት ሙቀት ተታልሎ ያለ ጊዜው እንዳያብብ ይጠብቀዋል። የብርዱ መጠን በተለምዶ የሚለካው የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች የሆነባቸውን ሰዓታት በመደመር ነው። ዊሊያምስ የተባለው ዝነኛ ፒር 800 ሰዓት ገደማ ይሻል፤ በፍሎሪዳ የወጣው ፍሎርዳሆም ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ብርድ ያብባል። ከፖም ወገን በእስራኤል የተገኘው አና 300 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።

በእኛ ደጋ ብርዱ የሌሊት ብርድ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑ ፀሐያማ በመሆኑ፣ ሌሊቱ የሠራውን ቀኑ በከፊል ያፈርሰዋል። ስለዚህ ብዙ ብርድ የሚሻ ዝርያ በመካከለኛ ከፍታ ላይ ሲተከል ብዙውን ጊዜ አይሞትም፤ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ጫፉ ላይ ጥቂት ቅጠል አውጥቶ፣ ጎኑ ራቁቱን ቀርቶ፣ አበባውንም አንድ ሁለት እያለ እያንጠባጠበ ይኖራል። ባለቤቱ የጎደለው ማዳበሪያ መስሎት ማዳበሪያ ይጨምርለታል።

ሁለተኛው ጥያቄ “ጥንዱ ማን ነው?” የሚል ነው። አብዛኞቹ የፒርና የፖም ዝርያዎች በራሳቸው ብናኝ በቂ ፍሬ አይቋጥሩም፤ የአበባው እንስት ክፍል የራሱን ብናኝ ለይቶ እድገቱን ይገታዋልና። የአንድ ዝርያ ዛፎች ሁሉ ደግሞ ከአንድ እናት ዛፍ በተቆረጠ ቅርንጫፍ እየተባዙ የመጡ በመሆናቸው በዘረመል አንድ ናቸው። በመሆኑም 100 የዊሊያምስ ዛፍ ጎን ለጎን ቢቆም፣ በብናኝ ረገድ እንደ አንድ ዛፍ ይቆጠራል። ስለዚህ በአንድ ወቅት የሚያብቡ ቢያንስ ሁለት ዝርያዎች ያስፈልጋሉ። ሁድ የተባለው ፒር ለፍሎርዳሆም፣ ዶርሴት ጎልደን የተባለው ፖም ለአና የታወቁ ጥንዶች ናቸው፤ ፖም ግን ለፒር አይሆንም። የፒር አበባ ወለላ የስኳር መጠኑ አነስተኛ ስለሆነ ንቦች የተሻለ አበባ ካገኙ ትተውት ይሄዳሉ፤ ስለሆነም ጥንዶቹን አቀራርቦ መትከል ይገባል። ጓሮው የጠበበው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተማክሮ አንዱን ዝርያ እሱ፣ ሌላውን ጎረቤቱ ቢተክሉ ንብን አጥር አያግዳትም።

ሦስተኛው ጥያቄ “በምን ሥር ላይ ቆሟል?” የሚል ነው። በማጣበቅ የተዘጋጀ ችግኝ ከላይ የፍሬው ዝርያ፣ ከታች ደግሞ የሌላ ተክል ሥር ነው። የዛፉን ቁመትና ፍሬ የሚጀምርበትን ጊዜ በአብዛኛው የሚወስነው ሥሩ ነው። በእንግሊዝ አገር ከወጡት የፖም ሥሮች ኤም 9 ዛፉን ከ3 ሜትር ገደማ እንዳያልፍ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ዕድሜውን በሙሉ የድጋፍ እንጨት ይሻል። ኤምኤም 106 መካከለኛ ዛፍ ይሰጣል። ፒርን ለማሳጠር ኩዊንስ በተባለው ዘመዱ ሥር ላይ ያጣብቁታል፤ ዊሊያምስ ግን ከኩዊንስ ጋር በቀጥታ አይስማማምና መጋጠሚያው ከዓመታት በኋላ ሊሰበር ይችላል። ከዘር የበቀለ ዛፍም አማራጭ አይሆንም፤ ፍሬው እንደ እናቱ አይሆንም፤ ለማፍራትም ብዙ ዓመት ያስጠብቃል።

የስም መጥፋት በሌላም አገር ደርሷል። ዊሊያምስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የተገኘ ፒር ሲሆን፣ በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ሲሻገር ስሙ ጠፋ። ዛፎቹ የነበሩበትን መሬት የያዘው ኢኖክ ባርትሌት ምን እንደሆኑ ባለማወቁ በራሱ ስም አሠራጫቸው። ሁለቱ አንድ መሆናቸው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1828 ገደማ ሌሎች ዛፎች ከአውሮፓ ሲመጡ ነው፤ ፒሩ በአሜሪካ እስከ ዛሬ ባርትሌት ይባላል። ባርትሌት ዕድለኛ ነበር፤ ያገሩ ብርድ ለዛፉ የሚበቃ ነበርና።

“ጨንቻ በንድፈ ሐሳብ አልተጀመረም፤ ሰው ተከለ፣ አፈራ” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ለጨንቻ ያገዘው ከፍታው ነው። ያንኑ ችግኝ ገዝቶ 1,900 ሜትር ላይ የሚተክል ሰው ከፍታውን አብሮ አይገዛም። “ድሃ ገዢ ለስም የሚከፍለው የለውም” የሚልም አይጠፋም። ስም መጻፍ የሚፈጀው ቁራጭ ቆርቆሮና ሽቦ ነው፤ ያለመጻፉን ዕዳ በአምስት ዓመት ድካም የሚከፍለው ግን ሻጩ ሳይሆን ያው ድሃ ገዢ ነው።

የሳይንስ ተማሪዎች በዚህ ረገድ የሚሠሩት ሥራ አለ። በትምህርት ቤት ግቢ ጥላ ሥር ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ሰቅሎ ከኅዳር እስከ ጥር በየዕለቱ መመዝገብ፣ በአካባቢው የቆሙትን የፒርና የፖም ዛፎች ቆጥሮ የትኛው መቼ እንዳበበና እንዳፈራ መጻፍ፣ ከአንድ ደብተርና ከትዕግሥት በቀር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሁለትና ሦስት ዓመት የተጠራቀመ እንዲህ ያለ መዝገብ ለአካባቢው ተካይ የሻጭን ቃል ከማመን የተሻለ መመሪያ ይሆነዋል። እስከዚያው ድረስ ግን ችግኝ ለመግዛት የሚሄድ ሁሉ ሦስቱን ጥያቄዎች ይጠይቅ፤ መልስ ካጣም ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።