አምስት ዶላር ስንት ነው?

ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ስለ ልኬትና ስለ ልኬት ስሕተት ማስተማር ስንጀምር፣ ከፊዚክስ የራቀ የሚመስል አንድ ጥያቄ ማስቀደም ልማዳችን ነው። አንድ ሰው ጃኬት በ125 ዶላር፣ ካልኩሌተር ደግሞ በ15 ዶላር ሊገዛ ሱቅ ገብቷል እንበል። ሻጩም፣ «ይኸው ካልኩሌተር የ20 ደቂቃ የመኪና መንገድ በሚርቀው ሌላው ቅርንጫፋችን በ10 ዶላር ይሸጣል» ይለዋል። ሰውየው ይሂድ ወይስ ይቅር? ቀጥለን ዋጋዎቹን እናለዋውጣለን። ጃኬቱ 15፣ ካልኩሌተሩ 125 ዶላር ይሆንና በሌላው ቅርንጫፍ ካልኩሌተሩ በ120 ዶላር ይገኛል። አሁንስ?

ጥያቄው የእኛ አይደለም። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1981 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። የመጀመሪያው ጥያቄ ከቀረበላቸው ሰዎች 68 ከመቶዎቹ እንሄዳለን ሲሉ፣ ሁለተኛው ከቀረበላቸው መካከል እንሄዳለን ያሉት 29 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ልብ እንበል! በሁለቱም ጊዜ ጠቅላላ ሒሳቡ 140 ዶላር፣ የሚተርፈው 5 ዶላር፣ የሚጠፋውም ያው 20 ደቂቃ ነው። የእኛም ተማሪዎች እጅ ሲያወጡ ከዚህ ብዙም አይለዩም፤ ከዚያም ቀና ብለው ጥቁር ሰሌዳውን ሲያዩ ይስቃሉ።

ይህ የሞኝነት ምልክት ሳይሆን የስሜት ሕዋሳቶቻችን አሠራር ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት ቬበር ከአንድ ምዕተ ዓመት ተኩል በላይ አስቀድሞ እንዳመለከተው፣ 1 ኪሎ በያዘ እጅ ላይ በግልጽ የሚታወቅ ጭማሪ 10 ኪሎ በያዘ እጅ ላይ አይታወቅም። ሰውነታችን የሚለካው ልዩነቱን ሳይሆን ልዩነቱ ከመነሻው ጋር ያለውን ንጽጽር ነው። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1860 በሎጋሪዝም የገለጸው ጉስታቭ ፌሽነርም፣ ሳንኮራ ልናልፈው አንችልምና፣ የፊዚክስ መምህር ነበር። ለብርሃን፣ ለድምፅና ለክብደት እንዲህ ዓይነቱ መለኪያ እጅግ ጠቃሚ ነው። ለኪስ ግን አይሆንም። ምክንያቱም ዳቦ ሻጩ የሚቀበለን በብር እንጂ በመቶኛ አይደለም።

ወደ ርእሰ ጉዳያችን የምንገባውም በዚሁ በር ነው። በአገራችን ኩፖን ሲባል ለብዙዎች ትዝ የሚላቸው የስኳርና የዘይት ወረፋ ነው፤ በዚያ ኩፖን ማለት የመግዛት ፈቃድ ነው። በአሜሪካ ግን ኩፖን የዋጋ ቅናሽ ወረቀት ነው። ታሪኩ ረጅም ሲሆን፣ የኮካኮላ ኩባንያ ገና በ19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ አንድ ብርጭቆ መጠጥ በነፃ የሚያስገኝ ወረቀት ያድል ነበር። በኋላም የእሁድ ጋዜጣ በሆዱ የኩፖን ጥራዝ ይዞ መውጣት ልማድ ሆነ። ቤተሰቡ በመቀስ እየቆረጠ፣ በየሱቁ ሳምንታዊ የቅናሽ ዝርዝር ላይ እያመሳከረ የሳምንቱን የአስቤዛ ጉዞ ያቅዳል። ከታተመው ኩፖን ውስጥ በሥራ ላይ የሚውለው ግን ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ዛሬ ወረቀቱ በአመዛኙ ወደ ስልክ ተዛውሯል።

እኛም በዚያ አገር የዶክትሬት ትምህርታችንን ስንከታተል ይህ ልማድ ተጋብቶብን ነበር። የተማሪ አበል ጠባብ ነው፤ መቆጠብም ያደግንበት ነው። በመሆኑም አንድ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ በአውቶቡስ አራት ሱቆችን አዳረስን። ማታ ደረሰኞቹን ደምረን 11 ዶላር ከ40 ሳንቲም «እንዳተረፍን» ስናይ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በማግሥቱ ግን የአውቶቡሱን 6 ዶላር ቀነስን። ቀጥሎም ሦስት ጠርሙስ ቢጫ ሰናፍጭ ከመደርደሪያው ላይ አፈጠጠብን። ሁለት ለገዛ ሦስተኛው በነፃ ስለነበረ የገዛነው ነው፤ በቤቱ የሚበላው ሰው ግን አልነበረም። እነዚህ ሁለቱ በሳቅ የሚታለፉ ናቸው። ያልታለፈው ሌላ ነው። በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በላቦራቶሪ የናሙና መለኪያ ተራ ተይዞልን ነበርና፣ ከአራተኛው ሱቅ ስንመለስ ተራው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ደረስን። የሚቀጥለውን ተራ ለማግኘት አምስት ሳምንት ጠበቅን። አማካሪያችን ምክንያቱን ሲጠይቁን የሰናፍጩን ነገር መናገር አልደፈርንም።

በኩፖን የሚገበያይ ሁሉ ግን እንደ እኛ የተሞኘ ነው ማለታችን አይደለም። አራት ልጆች የምታሳድግ ጎረቤት ነበረችን። የዋጋ ደብተር ነበራት። በደብተሩ ላይ ቤቷ የሚጠቀምባቸው ሠላሳ ያህል ዕቃዎች፣ በየሱቁ የተሸጡበት ዋጋና ቀኑ ይመዘገብ ነበር። ዋጋውንም ሁልጊዜ በጥቅል ሳይሆን በክብደት አካፍላ ትጽፍ ነበር፤ ትልቅ ማሸጊያ ሁልጊዜ ርካሽ እንዳልሆነ ከእርሷ ተማርን። በጥቂት ወራት ውስጥ የልብስ ሳሙናም ሆነ ዘይት በየስንት ሳምንቱ ዋጋው እንደሚወርድ ታውቀዋለች። ስለዚህ ኩፖኑን እንዳገኘች አትጠቀምበትም። የሱቁ ቅናሽ እስኪመጣ ጠብቃ ሁለቱን በአንድነት ታውላቸዋለች። ሱቆች ሰውን ለመሳብ በኪሳራ የሚሸጡትን ዕቃ ገዝታ፣ በአጠገቡ የተደረደረውን ሳትነካ ትወጣለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሥራ ወደ ቤት ከሚወስደው መንገድ አትወጣም። ተመራማሪው እኛ፣ ሳይንሱ ግን የእርሷ ነበር።

ከመንገድ መውጣት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በጁል ብንመለከተው መልካም ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቤንዚን የምትጠጣ መኪና ለአንድ ቅናሽ ብላ 6 ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ብትሄድ ግማሽ ሊትር ገደማ ታቃጥላለች። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል ስላለው፣ ጉዞው 15 ሜጋ ጁል ፈጀ ማለት ነው። የታሰበው ቅናሽ ግማሽ ኪሎ በሚመዝን የቁርስ እህል ላይ ቢሆን፣ በካርቶኑ ውስጥ ያለው የምግብ ኃይል ከ8 ሜጋ ጁል ብዙም አይበልጥም። አንድ ካርቶን ምግብ በርካሽ ለማምጣት የሁለት ካርቶን ያህል ኃይል ነደደ። በገንዘብ ሲታሰብ ላይከስር ይችላል፤ ቤንዚን ከምግብ ይልቅ ርካሽ በሆነበት አገር ኪስ የማያየውን ኪሳራ ከባቢ አየር ያየዋል።

ሒሳብ ለሚወዱ አንባቢያን አንድ ነገር እንጨምር። 20 ዕቃዎችን ከ6 ሱቆች መግዛት ቢቻል፣ እያንዳንዱን ዕቃ ከየት እንግዛ ለሚለው የምርጫዎቹ ብዛት 6 በራሱ 20 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ይህም ከ3,600 ትሪሊዮን ይበልጣል። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ምርጫ የሚመረምር ኮምፒውተር እንኳ 42 ቀናት ይፈጅበታል። ታዲያ ጎረቤታችን በወጥ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ እንዴት ፈታችው? ጥያቄውን ገልብጣ ነው። በመጀመሪያ የትኞቹን ሱቆች እንደምትረግጥ ትወስናለች። ሱቆቹ ከታወቁ እያንዳንዱ ዕቃ ከመካከላቸው ርካሽ ከሆነው ይገዛል፤ አለቀ። ከ6 ሱቆች ደግሞ የሚመሠረቱት ስብስቦች 63 ብቻ ናቸው። አብዛኞቹም በርቀታቸው ምክንያት ሳይሰሉ ይወድቃሉ።

ይህ አቋራጭ የሚሠራው የአንዱ ዕቃ ዋጋ በሌላው ላይ ጥገኛ እስካልሆነ ድረስ ነው። «ከ50 ዶላር በላይ ለሚገዛ የ10 ዶላር ቅናሽ»፣ «ሁለት ሲገዙ ሦስተኛው በነፃ» የሚሉት ኩፖኖች በትክክል ይህን ነፃነት ያፈርሳሉ። ተራርቀው የነበሩ ቅንጣቶች በድንገት እርስ በርስ መሳሳብ እንደጀመሩ ያህል ነው። የሳሙናው ዋጋ በዘይቱ፣ የዘይቱም በሰናፍጩ ላይ ይንጠለጠላል። ችግሩ እንደገና ወደ ውስብስቡ ይመለስና ሸማቹ ማስላቱን ትቶ በስሜቱ ይመራል። ስሜቱ ደግሞ፣ ከላይ እንዳየነው፣ በመቶኛ ነው የሚለካው።

ሻጩስ ለምን ዋጋውን ለሁሉም አይቀንስም? ይህን ጥያቄ የመረመሩ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ኩፖንን እንደ ወንፊት ያዩታል። ሻጩ የማን ኪስ ጠባብ፣ የማን ሰፊ እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ቅናሹን ድካም ከሚጠይቅ ነገር ጀርባ ያስቀምጠዋል። ጊዜ ኖሮት የሚደክም በርካሽ ይገዛል፤ የማይደክም ሙሉውን ይከፍላል። ይህ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1867 ያሰበውን፣ በትንሽ በር ላይ ቆሞ ፈጣኑን ቅንጣት ከዘገምተኛው የሚለየውን ምናባዊ ዘብ ያስታውሰናል። ዘቡ ለሥራው መረጃ ያስፈልገዋል፤ መረጃም በነፃ አይገኝም። በወረቀቱ ዘመን ዋጋው የመቀሱ ድካም ነበር። በስልኩ ዘመን ደግሞ ምን፣ መቼና የት እንደምንገዛ ራሳችን እንነግረዋለን።

ወንፊቱ ፍትሐዊ ነውን? አይመስለንም። ድሃ ሁሉ ጊዜ አለው ብሎ የሚገምት ወንፊት ነውና። በሁለት ፈረቃ የምትሠራ፣ መኪና የሌላት እናት ከማንም ይልቅ ቅናሹ ያስፈልጋታል። ይሁን እንጂ ሙሉውን ዋጋ የምትከፍለው እርሷ ናት። ዘመናዊ ስልክ የሌላቸው አረጋውያንም እንዲሁ።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በሻጩ ላይ መጫን አይገባም። ጄሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ ሰፊ የልብስና የቤት ዕቃ መደብር እ.ኤ.አ. በ2012 በሥራ አስኪያጁ በሮን ጆንሰን መሪነት ኩፖንንና የማያባራ ቅናሽን ትቶ ከመጀመሪያው ዝቅ ያለ ዋጋ ለመለጠፍ ሞከረ። ደንበኞች ይደሰታሉ ተብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ሽያጩ በሩብ ያህል ወደቀ፤ ሥራ አስኪያጁም በ2013 ተሰናበቱ፤ ኩፖኑም ተመለሰ። ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩበት። ቢሆንም 100 ተብሎ ተሰርዞ 60 የተጻፈበት ወረቀት፣ በቀጥታ 60 ተብሎ ከተጻፈው ይልቅ ሰውን ይስባል። መነሻው ሲጠፋ የንጽጽር መለኪያችን የሚቆምበት ያጣል።

ይህ ሁሉ የባሕር ማዶ ወሬ እንዳይመስል ወደ ቤታችን እንመለስ። ኩፖኑ ባይኖርም ጉዞው አለ። በሰፈር ሱቅ 80 ብር የሚሸጥ ሽንኩርት በእሁድ ገበያ 65 ብር ነው እንበል፤ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱም 60 ብር ይሁን። በኪሎ የሚተርፈው 15 ብር ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ 4 ኪሎዎች ለታክሲው ናቸው፤ ትርፍ የሚጀምረው ከአምስተኛው ኪሎ ነው። ታዲያ ብዙ እንግዛ ተብሎ 10 ኪሎ ተገዝቶ 2 ኪሎው ቢበሰብስስ? 8 ኪሎ ሰፈር ውስጥ በ640 ብር መግዛት ሲቻል 710 ብር ወጣ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሦስት ጎረቤታሞች ለየቤታቸው 8 ኪሎ ይፈልጋሉ እንበል። እያንዳንዳቸው ለብቻ ቢሄዱ 60፣ 60 ብር ይተርፋቸዋል። አንዷ ለሦስቱም 24 ኪሎ ገዝታ ለተሸካሚ 30 ብር ብትከፍል እንኳ በነፍስ ወከፍ 90 ብር ይተርፋል፤ የሁለቱም እሁድ ነፃ ይሆናል። የማይለዋወጠውን ወጪ ለብዙ ሰው ማካፈል ነው ምሥጢሩ። አባቶቻችን በበዓል ቅርጫ ሲገቡ ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው። በሬው፣ ነጂውና አራጁ አንድ ሲሆኑ ተካፋዩ ብዙ ነው። ሎጋሪዝም አላስፈለጋቸውም።

ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ይህን በየቤታችሁ ሠርታችሁ አምጡ ብለናቸው ነበር። አንዲት ተማሪ የእናቷን የእሁድ ግዢ በጥንቃቄ መዝግባ፣ የትራንስፖርቱን ዋጋ ከቀነሰች በኋላ ጉዞው በየሳምንቱ 18 ብር እንደሚያከስር አረጋግጣ ለእናቷ አሳየቻቸው። እናትዮዋም ወረቀቱን አይተው፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ የምሄደው ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሽንኩርቱን ስመለስ ነው የምገዛው» አሏት። ተማሪዋ ታክሲውን ከሒሳቡ አውጥታ እንደገና ሠርታ አመጣች።