«ተገኘ» ስንል ማን አገኘው?

ቅዳሜ ጠዋት አትክልት ተራ ነበርኩ። ሽንኩርት የምገዛባት ደንበኛዬ ሸራዋን ነፋስ እንዳይወስድባት የምትጭንበት አንድ ጥቁር ከባድ ድንጋይ አላት። ለካ አንድ ደላላ «እናቴ፣ ይሄ ከሰማይ የወረደ ነው፤ አምስት መቶ ብር ልስጥሽና ልውሰደው» ሲላት ሰንብቷል። እኔን ስታይ «ጋሼ፣ እርስዎ አስተማሪ አይደሉ? እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ።

አገላብጬ አየሁት። እንደ እንጀራ ዐይን በቀዳዳ የተሞላ ነው፤ የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ! ማግኔት ይስበዋል፣ ግን ማግኔት የሳበው ሁሉ የሰማይ ብረት አይደለም። የሰማይ ብረት እንዲህ በአየር ቀዳዳ አይሞላም፤ ኒኬልም አለው፣ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 5 እጅ በላይ። ሳቅን፣ ሽንኩርቴን ይዤ ሄድኩ።

መንገድ ላይ ግን ተናደድኩ። እውነተኛ ቢሆንስ? «ወዴት ልውሰደው?» ብትለኝ የትኛውን ቢሮ፣ የትኛውን በር ላሳያት ነበር?

ይህ ተረት አይደለም። የሸበሌ ወንዛችን ድንበር ተሻግሮ የሚገባባት የሶማሊያዋ ሂራን ክልል ውስጥ ኤል አሊ የምትባል ከተማ አለች። በአካባቢዋ 15.2 ቶን የሚመዝን የሰማይ ብረት ነበር። ግመል ጠባቂዎች ለትውልዶች ቢላዋ ስለውበታል። በሳይንስ መዝገብ ግን «የተገኘው» እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ይቅርታ! አባቶቻቸው ቢላዋ የሳሉበት ድንጋይ «ተገኘ» አይባልም። «ታወቀ» በሉ፣ «ተመዘገበ» በሉ።

«ፈረንጅ ሰረቀን» ብላችሁ ኮመንት ልትጽፉ የተዘጋጃችሁም ቆይ፣ አትቸኩሉ። ወደ ካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ የሄደችው ቁራጭ 70 ግራም ነበረች። የሰማይ ብረቶች በኒኬል፣ በጋሊየም፣ በጀርመኒየምና በኢሪዲየም መጠናቸው ነው ወገን የሚለይላቸው፤ ይህኛው አይኤቢ ከሚባለው ወገን ሆነ። ከዚያች ቁራጭ በተፈጥሮ ታይተው የማያውቁ ማዕድናት ወጡ። አንዱ «ኤላላይት» ተባለ፣ በከተማዋ ስም። ኤል አሊን በካርታ ላይ የማያውቃት ሁሉ ዛሬ በማዕድን መጽሐፍ ያነባታል። ይህን የሠራው ምደባ ነው፣ ስርቆት አይደለም።

ቀሪው ድንጋይስ? ወደ ቻይና ተጓጉዞ ገዢ እየተፈለገለት መሆኑ ተዘገበ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። 70 ግራም ያን ያህል ከተናገረች 15 ቶኑ ስንት ነገር ይዞ ነው የሄደው?

«የራበው ሰው ሙዚየም አይበላም» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ እኔም አትሽጡ አላልኩም። ሳይመዘገብ አይሸጥ ነው የምለው! የዓለም አቀፉ የሜቴዮራይት ማኅበር አንድን ድንጋይ ስም ሰጥቶ ለመመዝገብ በታወቀ ተቋም እንዲቀመጥ የሚጠይቀው 20 ግራም ወይም የድንጋዩን 20 በመቶ ነው፣ ከሁለቱ ያነሰውን። ሃያ ግራም ከአንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት አይበልጥም። ያልተመዘገበ ድንጋይ ዋጋውን የሚያውቀው ደላላው ብቻ ነው። የተመዘገበ ግን ስም አለው፤ ስም ያለው ዕቃ ደግሞ በአምስት መቶ ብር አይሄድም።

«እኛ አገር የት ይገኛል?» የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ጉርሱም ላይ የወደቀው በቦታው ስም በዓለም መዝገብ አለ። እሱ ድንጋያማው ዓይነት ነው፣ ብረት አይደለም። ሰማዩ ግን ያው ሰማይ ነው።

የምጠይቀው ሕንፃ አይደለም። በየዩኒቨርሲቲው የጂኦሎጂ ክፍል አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ማግኔት፣ አንድ መዝገብ፣ ድንጋይ ይዞ የመጣን ገበሬ ሳይስቅበት የሚቀበል አንድ ሰው። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ዝቃጭና ባዛልት ይሁን! በዝቃጭ ያፈረ ሰው እውነተኛውን ሲያገኝ ወደ እናንተ አይመጣም፣ ወደ ደላላው ነው የሚሄደው።

እኔም ቅዳሜ ስቄያለሁ፤ አጥፍቻለሁ። ሰኞ ተመልሼ ልጠይቃት ነው፣ ድንጋዩን ከየት እንዳመጣችው እንኳ አልጠየቅኳትም።

ጂኦሎጂስት የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ አንድ እናት ነገ ድንጋይ ታቅፋ ብትመጣ ቢሯችሁ ይቀበላታል? «አዎ» የምትሉ ቦታውን ከታች ጻፉልኝ። ለእሷም፣ ለሌላውም የምናገረው አድራሻ ይኑረኝ።